ጆንያ የለበሰው ሞተር

ዛሬም ቆመ! በቆሎውን ወደ ወፍጮው የሚያደርሰው ኮንቬየር ሞተሩ ግሎ ቀጥ አለ።

ሰሞኑን ኩሽኔታ ቀየርኩ፣ ገመድ ፈተሽኩ፣ በነቀምት መብራት ሳይቀር አሳበብኩ። ደከመኝ።

ዛሬ ግን ዝናቡ ሳያባራ ደረስኩ። ለካ የሞተሩ ማራገቢያ በጆንያ ተጠቅልሏል!

የጠቀለሉት ዘበኛችን ኦቦ ገመቹ ናቸው። "ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ ጣሪያው ሲያፈስበት አሳዘነኝ፤ አለበስኩት። ሲያባራ አነሳለታለሁ" አሉኝ። ጥጃ ነው እንዴ?

ጆንያው ከተነሳ ውሃ ይገባበታል፤ ከተተወ ታፍኖ ይቆማል።

ሥራ አስኪያጁን "ጣሪያው ይጠገን" ብላቸው፣ "ክረምቱ ይውጣና" አሉ። ክረምቱ ከወጣማ ምን ያፈሳል?

ይኸው ከኦቦ ገመቹ ጋር እየተፈራረቅን ለሞተሩ ጃንጥላ ይዘናል። እሱ ደርቋል፣ እኛ በስብሰናል።

እናንተስ መሥሪያ ቤት፣ ጃንጥላ የሚያዝለት ምንድን ነው?