ሰባት ለባዶ በካስልሪጅ

ስለ ዘጠናዎቹ እግር ኳስ የሚያወራ የእኔ ዘመን ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ጣልያን ሊግ ነው። ማልያውን ያስታውሳል፣ ቅጣት ምቱን ያስታውሳል፣ የት ተቀምጦ እንዳየው ሳይቀር ይነግርሃል። እኔ ሰው ሁሉ የወደደውን ነገር መውደድ ድሮም አይሆንልኝም፤ የመጽሐፍ ምርጫዬም እንደዚያው ነው። ከዚያ ዘመን በኩራት የማነሳው ውድድር የእስያ ክለቦች ሻምፒዮና ነው፤ እሱም ፍጻሜው ሳይሆን ገና የመጀመሪያው ዙር። በዚያ ዓመት ዋንጫውን ማን እንደወሰደ ብትጠይቁኝ አላውቅም። ለማወቅም ሞክሬ አላውቅም።

እኔ በምኖርባት በካናዳዋ ካልጋሪ ይህን ውድድር የሚከታተል ሰው አልነበረም። ከተማው የሚያውቀው በበረዶ ላይ በዱላ የሚደባደቡበትን ጨዋታ ነው። እኛም ብንሆን እሑድ እሑድ ካስልሪጅ በሚባለው ሰፈራችን በአንድ ጓደኛችን ቤዝመንት፣ ማለትም ምድር ቤት፣ ተሰብስበን የምናየው አውሮፓን ነበር። «እስያ ደግሞ ኳስ አለ እንዴ?» ይል ነበር ታክሲ የሚነዳው ጓደኛዬ። እኔም ለመቃወም ያህል ብቻ «አለ» እል ነበር። ያኔ መሀል ከተማ የመኪና ማቆሚያ ጠባቂ ነበርኩ፤ በመስታወት ዳስ ውስጥ ተቀምጬ መጽሐፍ ለማንበብ ይከፈለኝ ነበር ማለት ይቻላል። ከቤተ መጻሕፍት የተዋስኩት ሲያልቅብኝ ደንበኞች የጣሉትን ጋዜጣ እስከ መጨረሻው ገጽ፣ እስከ ደቃቆቹ የስፖርት ውጤቶች ድረስ አነበው ነበር። ስለ እስያ ኳስ የማውቀው ከዚያ ነው፤ ማለትም ምንም አላውቅም ነበር።

ነገሩን የለወጡት አንዲት እናት ናቸው። ሁላችንም እትዬ እንላቸዋለን። የደሴ ሰው ናቸው፤ ከእኛ ቤዝመንት ትንሽ ወረድ ብለው ይኖራሉ፣ በአረጋውያን መጦሪያ ይሠራሉ። በወጣትነታቸው ደሴ ላይ ሱቅ የነበረው አንድ የመናዊ አግብተው ወንድ ልጅ ወልደው ነበር። ጊዜው ሲከፋ ባልየው ልጁን ይዞ ወደ አገሩ ቀደመ፤ እሳቸው ሊከተሉ ነበር። መንገዱ ተዘጋ፣ ትዳሩም በርቀት ፈረሰ፣ እሳቸው ለብዙ ዓመት ጅዳ በሰው ቤት ሠርተው በመጨረሻ ካናዳ ገቡ። ልጁን ለመጨረሻ ጊዜ ሲያዩት ቁመቱ ከወገባቸው አያልፍም ነበር። ከዚያ ወዲህ የነበራቸው ፎቶግራፍ ነው፤ አልፎ አልፎም በመስመር ጩኸት የተዋጠ የስልክ ድምፅ።

ያ ልጅ አድጎ በረኛ ሆነ። ክለቡ የየመን ሻምፒዮን ወጣና ወደ እስያ ውድድር ገባ። የደረሳቸው ተጋጣሚ ከሳዑዲ ሀብታም ክለቦች አንዱ ነበር። የመን ላይ በተደረገው የመጀመሪያ ጨዋታ ባዶ ለባዶ ወጡ።

ያ ባዶ ለባዶ ካልጋሪ ሲደርስ ትልቅ ድል ሆነ። እትዬ ለመስጊዱ ሰው ነገሩ፣ ለሥራ ባልደረቦቻቸው ነገሩ፣ ጠዋት ጠዋት ፀጉራቸውን ለሚያበጥሩላቸው ነጭ አሮጊቶች ሳይቀር ነገሩ። «ልጄ የሳዑዲን ገንዘብ ሁሉ በሁለት እጁ መለሰው» ነበር የሚሉት። የመልሱ ጨዋታ ጅዳ ላይ ነው፣ በቴሌቪዥን ይተላለፋል። እዚያ ያለችው የእህታቸው ልጅ በቪዲዮ ካሴት ቀድታ፣ ዑምራ አድርጎ በሚመለስ ሰው እጅ ልትልክላቸው ቃል ገባች። እትዬ ካሴቱ ሳይመጣ ቅዳሜውን ቆርጠው ሰፈሩን ሁሉ ጠሩ። ውጤቱን ግን አስቀድመው መስማት አልፈለጉም።

«ማንም እንዳይነግረኝ» አሉን። «የስልክ ወሬ ጠግቤያለሁ። እኔ ልጄ ሲራመድ በዓይኔ ማየት ነው የምፈልገው።»

ጨዋታው በተደረገ ማግስት ባለታክሲው ጓደኛዬ እየከነፈ መስታወት ዳሴ ድረስ መጣ። መኪናውን ፓርክ ሳያደርግ መስኮቱን አወረደ።

«ስማ፣ ጅዳ ኮል አድርጌ ነበር።»

«እሺ?»

«ሰባት።»

«ሰባት ምን?»

«ለባዶ።»

«ማን ነው ያገባው?»

«ማን ነው ይላል እንዴ! አንተ ደግሞ የማታመጣው ጥያቄ የለም።»

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ዶናት ቤት ተሰበሰብን። ሰብሳቢያችን ሐጂ ነበሩ፤ ከሁላችን በዕድሜ የሚበልጡ የወሎ ሰው፣ ጠብ የሚያስታርቁም ቀብር የሚያስተባብሩም እሳቸው ናቸው። ጉዳዩ ከባድ ነው ተባለ። እትዬ ሰፈሩን በሙሉ ጠርተዋል፤ ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ ከዶቨር ሰፈር ድረስ የሚመጣ ሰው አለ። በዚያ ሁሉ እንግዳ ፊት ሰባት ጎል ሲቆጠርባቸው ምን ይሆናሉ? ልባቸው ቢቆምስ?

«ከቅዳሜ በፊት መስማት አለባት» አሉ ሐጂ። «ግን በወጉ ነው።»

«በወጉ ማለት?» አልኩ።

«በጠዋት፣ ወደ ሥራ ሳትወጣ። ተሰብስበን እንሄዳለን። ቀስ ብዬ እኔ እነግራታለሁ።»

«ሐጂ፣ ይሄ ኳስ እኮ ነው። ወይ እንዳሉት ዝም ማለት፣ ወይ ደውሎ ተሸነፉ ማለት ነው። ለመርዶ ነው እንዴ የምንሄደው?»

«አፍህን ቁርጥማት ይያዘው!» አሉኝ። «የእናት ነገር በስልክ ይነገራል? አንተን መጽሐፉ ነው ያበላሸህ።»

«ተዉት ሐጂ» አለ ባለታክሲው ዶናቱን እያኘከ። «እሱ ደህና አደርክ ሲሉትም ይከራከራል።»

ስለዚህ ሄድን። አምስት ወንዶች፣ በሁለት መኪና፣ ገና ጎሕ ሲቀድ። ክረምት ነበር። በዚህ ከተማ የክረምት ካፖርት የሚሸጠው ጥቁር ብቻ ይመስል ሁላችንም ጥቁር ለብሰናል። እትዬ የሥራ ልብሳቸውን እንደለበሱ በሩን ከፈቱ። ጫማችንን አወለቅን፤ አንድ በአንድ ገብተን በግድግዳው ዙሪያ ተቀመጥን። ማንም ስለ አየሩ እንኳ አላወራም።

«ሻይ ላፍላላችሁ?» አሉ እትዬ። ድምፃቸው ቀጥኗል።

«ተይው» አሉ ሐጂ። «አንቺም ቁጭ በይ።»

እትዬ አልተቀመጡም። ሐጂ ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ወለሉን እያዩ ጀመሩ፦ «እንግዲህ እህቴ፣ የአላህን ውሳኔ የሚመልስ የለም። ሶብር ያስፈልጋል…»

ከዚያ በኋላ ያለውን ቃል የሰማ የለም። እትዬ ያወጡት ጩኸት እስከዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። «ልጄን! ወይኔ ልጄን!» እያሉ ደረታቸውን ይደቁ ጀመር። አምስታችንም ብድግ አልን፤ አንዳችን ሌላችንን ገፋን። ግድግዳ የምትጋራቸው ጎረቤት በሌሊት ልብሷ ወጥታ ስልክ ይዛ በሩ ላይ ቆመች።

«ኧረ አልሞተም!» አሉ ሐጂ፣ ግራ ገብቷቸው። «ወላሂ አልሞተም! ሰባት ገባበት እንጂ!»

«ሰባት ጥይት!» ብለው እትዬ ወለሉ ላይ ወደቁ። ከጥቂት ጊዜ በፊት የመን ውስጥ ጦርነት ነበር፤ ሌላ ምን እንዲያስቡ ይጠበቃል?

«ጎል! እትዬ፣ ጎል ነው! ኳስ!» አለ ባለታክሲው፣ በእግሩ ምንጣፉን እየመታ።

እትዬ ከወለሉ ቀና ብለው አንድ በአንድ አዩን።

«ኳስ?»

«ኳስ።»

«ልጄ ደህና ነው?»

«ደህና ነው። ተሸንፎ ነው።»

አጠገባቸው የነበረውን ነጠላ ጫማ አንስተው ወረወሩ። ከአምስታችን መሀል ያረፈው ጉዞውን በተቃወምኩት በእኔ ትከሻ ላይ ነው።

«ለኳስ ነው ጥቁር ለብሳችሁ በጠዋት የመጣችሁብኝ? ለኳስ! ገደላችሁኝ እኮ! እናንተ ወንዶች ናችሁ?» ጎረቤትየዋን በእጃቸው ሸኟት፤ ተነስተው ፊታቸውን ታጥበው ተመለሱ። ሲመለሱ ጥያቄ ነበራቸው።

«ሙሉውን ተጫውቷል?»

«እስከ መጨረሻው» አለ ባለታክሲው።

«አልቀየሩትም?»

«አልቀየሩትም።»

«ታዲያ ቅዳሜ እንዳትቀሩ። አሁን ውጡልኝ፣ ሺፍቴ ረፈደብኝ።»

ካሴቱ ሐሙስ ደረሰ። የካናዳ ማጫወቻ ግን አልቀበል አለው፤ መስመርና በረዶ ብቻ አሳየ። ከዚያ የመጣ ካሴት እዚህ እንደማይሠራ ያወቅነው ያን ጊዜ ነው። የሕንድ ፊልም የሚያከራይ አንድ የፑንጃብ ሰው በሱቁ ጓዳ ሌላ ካሴት ላይ ገልብጦ ሰጠን። ቅዳሜ የእትዬ ሳሎን እስከ ደረጃው ሞላ። ሳምቡሳው እየዞረ ነው፤ ሰው ግን በሹክሹክታ ነው የሚያወራው፤ ያንን የማለዳ ጉድ ያልሰማ የለም።

ጨዋታው ተጀመረ። የየመኖቹ ቡድን ያማረ ማልያ የለበሰ የሰፈር ቡድን ነበር፤ ከአጋማሽ ሜዳ ማለፍ ብርቃቸው ነው። ሳዑዲዎቹ ይመታሉ፣ ደግመው ይመታሉ። በመሀል ቀይ የለበሰ ረጅም ልጅ ይዘልላል፣ ይወድቃል፣ ይነሳል፣ በጡጫ ያወጣል። እትዬ ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠግተው ወለል ላይ ተቀመጡ።

«ያ ቀዩ ነው?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ረጅም ነው።»

«በረኛ አጭር አይሆንም።»

«አካሄዱ የአጎቱ ነው። እዩት፣ ትከሻውን እዩት!»

የመጀመሪያው ጎል ሲገባ ሳሎኑ አንገቱን ደፋ። ካሜራው ግን ወደ በረኛው ተጠጋ፤ ላብ ያጠመቀው ፊት፣ ወፍራም ቅንድብ፣ የተናደደ አፍ ስክሪኑን ሞላው። እትዬ እጃቸውን ወደ ኋላ ሳይዞሩ ዘረጉ።

«መልሱልኝ።»

«ምኑን?»

«ጎሉን መልሱልኝ! ፊቱን የሚያሳዩት ሲገባበት ነው።»

መለስነው። ጎሉ እንደገና ገባ፣ ፊቱ እንደገና ቀረበ። ከዚያ በኋላ በገባ ቁጥር «መልሱ!» ይሉ ጀመር፤ ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ሳሎኑ አብሯቸው ይጮህ ነበር። እንግዳ የሆነ ሰው ቢሰማን ጎሎቹን የምናገባው እኛ ነን ይል ነበር።

አረብኛውን አጥርተው የሚሰሙት እሳቸው ናቸው፤ ሐጂ የሚያውቁት የቁርኣኑን ነው፣ ጨዋታውን የሚያስተላልፈው ደግሞ እንደ ሐራጅ ሻጭ ይፈጥናል። ድንገት እትዬ እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኙን።

«ምን አለ?»

«ይሄ በረኛ ብቻውን ነው የሚጫወተው አለ። እሱ ባይኖር ኖሮ የጎሉን ቁጥር አንናገረውም ነበር አለ።» ፊታቸው በራ። «በሳዑዲ አፍ ነው የተባለው፣ ሰማችሁ?»

እኔ እስከዛሬ የምከራከርበት ነጥብ ይህ ነው፤ የማይቀበለኝ ሰው ብዙ ነው፣ ምንም አይደል። የአሸናፊ ቡድን በረኛ የሚታየው አሰላለፍ ሲነበብ ነው። በዚያ ጨዋታ የሳዑዲው በረኛ ምን ቀለም ለብሶ እንደነበር አንዳችንም አላስተዋልንም። ልጃቸው ከአሸናፊው ወገን ቢሆን ኖሮ እትዬ ያን ሁሉ ዓመት የጠበቁት ለጥቂት ሴኮንድ ይሆን ነበር። ጥሩ ተከላካዮች ቢኖሩት ኖሮም እንደዚያው። የዚያ ቡድን ድክመት አንዲት እናት ከልጇ ጋር ሙሉ ከሰዓት በኋላ እንድታሳልፍ አደረገ፤ እሱ ደግሞ በየደቂቃው ሊያያት እንደመጣ ሰው ተነስቶ ቆመ። ሰባተኛው ሲገባ ኳሱን ራሱ ከመረቡ አወጣ፤ እጁን እያጨበጨበ አንገታቸውን ለደፉት ጓደኞቹ ጮኸ። ቀና በሉ የሚል ይመስላል። እኔ አብሬው ቀና አልኩ። ባለታክሲው፣ እስያ ውስጥ ኳስ የለም ሲል የነበረው፣ መሀረቡን ፈልጎ አጣው።

ፊሽካ ተነፋ። አንድ የሳዑዲ ተጫዋች ሮጦ መጥቶ በረኛውን አቀፈው፣ ግንባሩን ሳመው።

«ይሄ ማነው ደግሞ?»

«አራቱን ያገባው ነው፣ እትዬ።»

«ጨዋ ልጅ ነው» አሉ። «እናቱን አላህ ያቆይለት።»

ስክሪኑ ጠቆረ። ሰው ተነሳ፤ ግን እንዴት ተሰናብቶ እንደሚወጣ አላወቀም። ከዶቨር የመጡ አንዲት ሴትዮ ቀድመው ሄደው እትዬን አቀፏቸውና «እንኳን ደስ ያለሽ» አሉ። ከዚያ ሁላችንም ተራ ያዝን፤ እያንዳንዳችን ጉንጫቸውን እየሳምን እንኳን ደስ ያለዎት አልን፣ እሳቸውም እንደ ሙሽራ እናት «እንኳን አብሮ ደስ አለን» እያሉ ተቀበሉን። የሐጂ ተራ ሲደርስ አፋቸውን ገና ሲከፍቱ «እርስዎ ብቻ ዝም ይበሉልኝ» አሏቸውና ሳሎኑ በሳቅ ፈረሰ።

በዚህ መሀል በሩ ተከፈተ። ከካልጋሪ ውጪ ካለችው ከኤርድሪ የሚመጣ አንድ የአገራችን ልጅ ነበር፤ መንገዱ በረዶ ሆኖበት ዘግይቷል። ቡትስ ጫማውን እያወለቀ ማንንም ሳያይ ጠየቀ፦

«አለቀ እንዴ? ስንት ለስንት?»

እኛ እርስ በርሳችን ተያየን። የመለሱት እትዬ ናቸው፣ ከሁላችን ቀድመው፣ ጮክ ብለው።

«ሰባት ለባዶ! ግባ፣ ግባ፣ በሩን ዝጋው። ከመጀመሪያው አድርጉለት፣ ልጄን ያየው።»