ጨው ያላበው ዚር

እርጥብ ሸክላ በሸተተኝ ቁጥር ባባ ከመንገድ የገባ ይመስለኛል።

ስማኝማ፣ የባባ ለቅሶ ላይ አንዱ ዘመዱ ምን አለ መሰለህ? «ምስኪን፣ ዕድሜውን ሙሉ መንገድ ላይ ነበር፣ ልጆቹን መች አያቸው!» እማዬ እጄን ባትይዘኝ ኖሮ ጥርሱን ከምንጣፉ ላይ ይለቅም ነበር። ምን ያውቃል እሱ?

ባባ የሎሪ ሹፌር ነበር። ፖርት ሱዳን በለው፣ ከሰላ በለው፣ ዶንጎላ በለው፣ ያልረገጠው የለም። ሐጅ ዩሱፍ የሚባለው ሰፈር፣ ቤታችን በር ላይ፣ መንገደኛው ሁሉ የሚጠጣበት፣ ዚር የምንለው ትልቅ የውሃ ሸክላ ነበረን። ባባ ከሄደበት ሁሉ አንድ ጀሪካን ውሃ ይዞ ይመጣና ሰላም እንኳን ሳይለን እሱ ውስጥ ይገለብጠዋል። «የላ፣ ዛሬ ከሰላን ጠጡ!» ተሻምተን እንጠጣለን። ሱዳንን ያየናት በጉሮሯችን ነው ብልህ አልዋሸሁም።

አንዴ ትንሿ እህቴ «ባባ፣ ባሕር አምጣልኝ» አለችው። «ኢንሻአላህ» ብሎ ፖርት ሱዳን ሄደ። እሷ ደሞ ምን ቸኮለች፣ እሑድ ባሕር ይዤ እመጣለሁ ብላ ለክፍሏ ልጆች ወሬውን ነዛችው። ሳቁባት። ውሸታም አሏት። ሳምንቱን ሙሉ እያለቀሰች ነው የተኛችው።

ቅዳሜ ከሰዓት የሎሪው ጥሩምባ ጮኸ። ባባ አቧራውን ሊታጠብ ገባ። እኔ ደሞ ቅልጥፍና ይገድለኛል፤ ሳልጠይቅ ጀሪካኑን አንስቼ፣ እንደ ልማዳችን፣ ታጥቦ ባዶውን የሚጠብቀው ዚር ውስጥ ገለበጥኩት። ሪክሻ የምንለውን ባጃጅ የሚነዳው ጎረቤታችን አንድ ጣሳ ቀድቶ ጨለጠ። ከዚያ ግድግዳው ላይ ተፋው።

«ወላሂ፣ አንተ ልጅ! አባትህ ዓሣ አጥቦበት ነው?»

እህቴ ሮጣ ወጣች። «ባሕሬን! ባሕሬን ደፋው!»

ባባ ፊቱ ላይ ሳሙና እንዳለ መጣ። ጥፊ ጠበቅኩ። እሱ ግን ጎንበስ ብሎ ዚሩን አየና ሳቀ። «ምን ያስለቅስሻል? ቤት ቀየረ እንጂ አልጠፋም።»

በነጋታው እሑድ፣ እኛ ጋ የትምህርት ቀን ነው፣ ያን ሁሉ መንገድ የመጣ ሰውዬ መተኛት ሲገባው፣ ዚሩን እንዳለ ወደ እህቴ ትምህርት ቤት ሊወስደው ሪክሻው ላይ አስጫነው። እንደ ሕፃን አቅፎት ተቀመጠ። እኔ ከኋላ ተንጠልጥያለሁ። ነጂው በየጉድጓዱ «ባሕር እየመጣ ነው፣ ዞር በሉ!» ይላል። የባባ ጀላቢያ እስከ ጉልበቱ ራሰ።

ልጆቹ ቀመሱ፣ ተፉ፣ ደግመው ተሰለፉ። «ውሸታም» ያለቻት ልጅ ራሷ ሦስቴ ቀመሰች። እህቴ ጣሳውን ይዛ ታዛለች፤ «በተራ! አትጋፉ! አባቴ ነው ያመጣው!» ባባ ጥግ ይዞ፣ ዓይኑ በእንቅልፍ እየተከደነ፣ ይስቃል። እኔ ትምህርት ቤት ደስ ብሎኝ የዋልኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ዚሩ ከዚያ ወዲያ ለመጠጥ አልሆነም። ሸክላው ጨውን ጠጥቶት ሆዱ ላይ ነጭ ነጭ እያላበ ያወጣዋል። ባባ ሌላ ገዛ፤ ያንን ግን ጓሮ አቆመው።

አሁንም እዚያው ነው። እህቴ አርካዊት ሰፈር ሱቅ ውላ ስትመጣ፣ ለእማዬ ሰላም ከማለቷ በፊት ጓሮ ትገባለች። ዚሩን በጣቷ ነካ ታደርግና ጣቷን ትልሳለች።

«አለ?» እላታለሁ።

«አለ» ትላለች።