በሁዳዴ የተመረመረ ደም

አቶ ኃይለመስቀል በሚዛናቸውም በአንደበታቸውም የማያታልሉ፣ ጾማቸውንና ምጽዋታቸውን ከሰው ዓይን የሚሰውሩ ሰው ናቸው። ነገር ግን ይህ መሰወር አንድ ጊዜ ለሞት ሊያበቃቸው ቀርቦ ነበር።

በአሰላ ገበያ ቅቤ ነጋዴ ናቸው። ለጋውን ከበሳሉ የሚለዩት በጣታቸው ጫፍ ቀምሰው ነው፤ በጾም ግን አሽትተው ብቻ ይገዛሉ። ቅቤ የምታቀርብላቸው የረጅም ዘመን ደንበኛቸው ፋጡ፣ «ጋሽ ኃይለመስቀል፣ ዛሬም በአፍንጫዎ ሊበሉ ነው?» እያለች ታሾፍባቸዋለች። ፍስክ ሲገባ ቁርሳቸው ጭኮ ነው፤ የገብስ በሶ ቅቤ እስኪወርደው ተለውሶ።

በ፲፱፻፶፬ ዓ.ም. በሁዳዴ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ዳገቱን ሲወጡ ደረታቸውን እንደ ድንጋይ ተጫናቸው፤ ሕመሙም ወደ ግራ ክንዳቸው ወረደ። ታላቅ ወንድማቸው እንዲሁ ደረቱን እንደ ያዘ ወድቆ ቀርቷልና ፈሩ። በሆሣዕና ሰሞን አዲስ አበባ ሄደው ደማቸውን ለምርመራ ሰጡ።

ሐኪሙ ወደ አገራችን ከመጡ ብዙ ያልቆዩ የውጭ ሰው ነበሩ።

«በዚህ ሰሞን ምን በሉ?»

«ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን።»

«ቅቤስ?»

«አልቀመስሁም።»

ጾም ላይ መሆናቸውን ግን አልጨመሩም፤ ውዳሴ ከንቱ መስሎ ታያቸው። ሐኪሙም ኮሌስትሮል የሚባለው የደም ስብ እንዳልበዛባቸው ነግረው፣ ሕመሙ ሲነሣ ከምላስ ሥር የሚያደርጉት ክኒን ሰጥተው አሰናበቷቸው።

«ደሜ ንጹሕ ነው!» ብለው ትንሣኤን በጭኮና በጮማ ፈሰኩ። ከዳግማ ትንሣኤ በኋላ ግን ሚዛኑን እንደ ያዙ ገበያው መካከል ተንበረከኩ። ፋጡ ደግፋ ክኒኑን ከኪሳቸው አውጥታ አጎረሰቻቸው።

ባለቤታቸው ወይዘሮ አፀደ ይህን ሲሰሙ፣ «ሐኪሙ ያዩት የጾም ደምዎን ነው። ነግረዋቸዋል?» አሉ።

«ጾሜን ላውራ እንዴ?»

«በገበያ ያስለፍፉ መቼ አልሁ? ለነፍስ አባትዎ የማይሰውሩትን ለሐኪም ምን ያሰውርዎታል? ሻጭ ከላይ ለጋ ቀብታ ከሥር የከረመውን ብትደብቅ ይገዙላታል?»

«ጣቴን እስከ ሥሩ እሰዳለሁ እንጂ።»

«እንግዲያው ሐኪሙም እስከ ሥሩ ይዩት!»

አቶ ኃይለመስቀል አንገታቸውን ደፉ። በርክበ ካህናት ሰሞን ወደ ሐኪሙ ተመልሰው ጾማቸውንም የወንድማቸውንም አሟሟት ሁሉንም ተናገሩ፤ ደማቸውም ዳግም ተመረመረ። ሐኪሙ አዲሱን ውጤት ከፊተኛው ጋር አስተያዩት።

«ፊተኛው ምርመራ አልዋሸም፤ የዓመቱን ኑሮዎን ግን አላሳየኝም። አሁን ስቡ እጅግ ከፍ ብሏል። ይህ በደም ሥር ውስጥ ከዓመት ዓመት ይጋገራል፤ የልብንም መንገድ ያጠብባል። ወንድምዎም በዚሁ ሄደዋል። ቁጥሩ የሞትዎን ቀን አይናገርም፤ ከሌላው ሰው ይልቅ ለአደጋው እንደ ቀረቡ ግን ይናገራል።»

ዛሬ አቶ ኃይለመስቀል በፍስክም ቅቤን አሽትተው ብቻ ይገዛሉ፤ ፋጡም መቀለዱን ትታለች። ዳገቱን እየቆሙ ይወጣሉ። ወይዘሮ አፀደ ከኋላ ሆነው ትንፋሻቸውን ያዳምጣሉ፤ ሲዘገይ ልባቸው ይደነግጣል።

እግዚአብሔር ለአቶ ኃይለመስቀል ዕድሜ ለንስሐ፣ ለወይዘሮ አፀደም ጽናትን ይስጥ፤ ቤታቸውን ከድንገተኛ ሞት ይሰውር። አሜን።