ለአሳታሚው የጻፍኩት ማመልከቻ

ሐሙስ ጠዋት ፒያሳ ከአንድ አሳታሚ ጋር ቀጠሮ ነበረኝ። በስልክ የያዘልኝ ታላቅ ወንድሜ ነው፤ እኔማ ሁለቴ ደውዬ ድምፃቸውን ስሰማ ዘግቻለሁ። እሳቸው ረቂቄን ሳያነቡ ከመለሱኝ፣ ሌላ የምሄድበት አሳታሚ አላውቅም ነበር።

ማክሰኞ ዕለት ረቂቁን በጽሕፈት መኪና ወደመቱልኝ ሴትዮ ሄድኩ። እናቴን የሚያህሉ የወሎ ሰው ናቸው፤ ከቦሌ መንገድ ገባ ብሎ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተው ይሠራሉ። ከረቂቁ ጋር የማቀርበውን ደብዳቤ እንዲመቱልኝ ሰጠኋቸው። ከተመረቅኩ ጀምሮ የሥራ ማመልከቻ ስጽፍ ስለከረምኩ ሌላ አጻጻፍ አላውቅም። «ለክቡር ሥራ አስኪያጅ» ብዬ፣ ከሥሩ «ጉዳዩ፦ መጽሐፍ እንዲታተምልኝ ስለማመልከት» ብያለሁ። የዲግሪዬን ኮፒና ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍም አያይዤያለሁ።

ሴትዮዋ አንብበው ፎቶዎቹን አገላበጡ።

«ሰውዬው መጽሐፍ ሊያሳትም ነው ወይስ ሊቀጥርሽ?»

ጆሮዬ ጋለ። ወጉ እንዲህ መስሎኝ ነው አልኳቸው። ስለ ራሴ ሁሉን ጽፌ ስለ መጽሐፉ አንድም ቃል እንዳላነሳሁ ነገሩኝና፣ እንደማያውቅ ሰው ሆነው ስለ ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ስለ ማኅበራዊ ሕይወት ውጣ ውረድ ነው አልኩ።

«እሱንማ ሬዲዮውም ይለዋል። እኔን ምሳዬን ያስረሳኝን ንገሪኝ።»

ወለሉን እያየሁ ተናገርኩ። አንዲት ልጅ፣ ማንበብ ለማትችል ጎረቤቷ፣ ወታደር ልጇ የሚልከውን ደብዳቤ ታነብላታለች። ደብዳቤው ሲቋረጥ ለእናቲቱ መንገር ያቅታትና ራሷ እየጻፈች ማንበብ ትጀምራለች።

«አብሽሪ፣ በቃ ይኸው ነው» አሉና ንጹሕ ወረቀት አስገቡ። እየደገምኩ ስናገር መቱት። አራት መስመር እንኳ በቅጡ አልሞላም። ዲግሪውንና ፎቶዎቹን ቦርሳዬ ውስጥ ራሳቸው ከተቱልኝ።

ሐሙስ አሳታሚው አራቱን መስመር ቆመው አነበቡ።

«እናትየው ታውቃለች?» አሉኝ።

ረቂቁን ወደ እሳቸው አስጠጋሁ።

«እዚህ ውስጥ አለ» አልኩ።

ቁጭ ብለው የመጀመሪያውን ገጽ ገለጡ። ልሂድ ልቆይ ሳይገባኝ እንደቆምኩ፣ ዓይናቸውን ከወረቀቱ ሳያነሡ በእጃቸው ወንበሩን አሳዩኝ።