በማለዳ አንሄድም

ይህ የሆነው በፈረንጅ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የመጡት ቤተ እስራኤል ወገኖቻችን እስራኤል አገር፣ ቂርያት ጋት ከተማ ገብተው ገና ቤት በያዙበት ሰሞን ነው። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ ያችን ማለዳ ግን አልረሳኋትም። ዛሬም ሰው በጠዋት በሬን ሲያንኳኳ ልቤ መጀመሪያ ወደዚያች ቤት ይሮጣል።

እኔ በሱዳን በኩል ቀደም ብዬ የመጣሁ ነኝ። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥሁም። ፊደል የለየሁት ታናሽ ወንድሜ ጮክ ብሎ ሲያጠና ከጎኑ ጥጥ እየፈተልሁ ነው። ዕብራይስጡን ደግሞ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሴቶች ለቀምሁት፤ የሞሮኮዋ ስትናገር፣ የሩሲያዋ ስትመልስ፣ እኔ መሃል ሆኜ ተማርሁ። ስለዚህ በፎቃችን ያለ ሰው ሁሉ ቁፓት ሆሊም፣ ማለት የሠፈራችን ክሊኒክ፣ ሲሄድ “እስቲ አብረሽኝ ነይ” ይለኛል። እኔም ጨዋታ ስለምወድ እሄዳለሁ።

ከእኔ በላይ ባለው ቤት ይታይሽ የምትባል የቋራ ሴት ከባሏና ከልጆቿ ጋር ትኖር ነበር። ባሏ አያ ፈረደ በኢንዱስትሪ ቀጠናው ዕቃ ይጭናል። እናቷ እማማ ትርንጎ ግን ቋራ ቀርተዋል። መንገድ ተዘግቶባቸው፣ አዲስ አበባ ሳይደርሱ አውሮፕላኖቹ ሄዱ። ይታይሽ እናቷን ሳታነሳ የዋለችበትን ቀን አላስታውስም። ከዚያ አገር ሰው መጣ ከተባለ በነጠላ ጫማዋ ደረጃውን ወርዳ ትሮጣለች። “እናቴን አይታችኋታል?” ሌላ ጥያቄ የላትም።

አንድ ቀን የክሊኒካችን ነርስ ዣክሊን መተላለፊያው ላይ አስቆመችኝ። ዣክሊን የሞሮኮ ልጅ ናት፤ ድምፅዋ ወፍራም፣ ልቧ ለስላሳ።

“ያች ጎረቤትሽ ለምንድን ነው ኦፕራሲዮኑን እምቢ ያለችው?” አለችኝ።

“የምን ኦፕራሲዮን?” አልኋት።

ከዚያ ክንዴን ይዛ ወደ አንድ ባዶ ክፍል አስገባችኝ። ይታይሽ ጡቷ ውስጥ ነቀርሳ አለባት። ሐኪሙ ለባሏ ነግሮታል፤ ባሏም “አልታከምም ትላለች” ብሎ መልሷል። አሁን ከወጣ የመዳን ተስፋዋ ትልቅ ነው። ከቆየ ግን... ዣክሊን ነገሩን አልጨረሰችውም። ለይታይሽ የተያዘው የሆስፒታል ቀጠሮ ደርሷል፤ እሷ ካልሄደች ለሌላ ሰው ይሰጣል።

ማታ አያ ፈረደን ዳቦ ይዞ ሲመለስ ደረጃው ላይ ጠበቅሁት።

“አያ ፈረደ፣ ለይታይሽ ነገርሃት?”

“ምኑን?”

“ዣክሊን ነግራኛለች።”

ዳቦውን ደረጃው ላይ አስቀመጠ። “እታለም፣ ሚስቱን ‘ነቀርሳ ይዞሻል’ የሚል ባል የት አገር አለ? ያ ሐኪም ፊት ለፊቷ ሊናገር ሲል እኔ ቀድሜ ‘ትንሽ እብጠት ናት’ አልኋት። ስንት ነገር አልፋ የመጣች ሴት ናት።”

“ከታከመች ትድናለች ነው ያሉት እኮ።”

“ለመታከም ማወቅ አለባት። ካወቀች ደግሞ ከበሽታው በፊት ድንጋጤው ይገድላታል።” ዳቦውን አንስቶ ወደ ላይ ወጣ። ደግሞ ተመለሰና “አንቺም አትናገሪ” አለኝ።

አልፈረድሁበትም። እኛ ክፉ ወሬ ለባለቤቱ አንናገርም፤ ቤተ ዘመድ ይይዘዋል። ባሏም የያዘው እንደ ፍቅር ነበር። ግን እዚያ አገር ወሬውን ይዞ የሚቆይ ሰው በሽተኛውን ሕክምና አያሳጣውም፤ ቀድሞ ነገር ሐኪም የለም። እዚህ ግን ዝምታው ራሱ ሊገድላት ነው።

አባ ተገኝ ዘንድ ሄድሁ። አባ ተገኝ በአገራቸው ሳሉ ስንቱን ያስታረቁ፣ ስንቱን መርዶ ያረዱ ሽማግሌ ናቸው። ሁሉን ነገርኋቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝና፣

“ይህ ሐኪም ሥርዓት አያውቅም” አሉ። “ክፉ ወሬ እንደ ዕቃ በመንገድ አይሰጥም። ማለዳ ነው የሚነገር፤ ሰው ሥራ ሳይወጣ፣ ልቡ ሳይበተን። ተሰብስቦ፣ የሚደግፋትን ሰው ከግራ ከቀኝ አስቀምጦ። እኛ እንነግራታለን። ፈረደን ለእኔ ተዪው።”

አያ ፈረደ ለእሳቸው እምቢ አላለም። ለጥያቄዋ መልስ የሚሰጥ እንዲኖር ዣክሊንም ትምጣ ተባለ።

በማግስቱ ፀሐይ ሳትወጣ ከደረጃው ሥር ተገናኘን። አባ ተገኝ ጋቢያቸውን ለብሰው ከፊት፣ ከኋላቸው እኔና ሁለት የፎቁ ሴቶች ነጠላችንን አጣፍተን፣ መጨረሻ ላይ ዣክሊን ነበርን። አያ ፈረደ በሩን ከፈተ።

ይታይሽ ምድጃው ጋ ቆማ ለልጆቿ ሻይ ታፈላለች። ዞር ብላ አየችን። አባ ተገኝን አየች፣ እኛን አየች። ሻዩን አወረደች፤ እሳቱን አጠፋች። ከዚያ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ወገቧ ላይ አሰረች።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ግን ዘግይቶ ነበር።

“እናቴን” አለች። “እናቴን፣ ሳላያት።” ወለሉ ላይ ወድቃ ደረቷን ትመታ ጀመር። ዣክሊን የምትመታውን ቦታ ስታይ ሮጣ ሁለት እጇን ያዘቻት።

ማለዳ ተሰብስቦ የመጣ ሰው ሌላ ምን ይዞ ይመጣል? እኛ ከዚያው አገር የመጣን ሰዎች፣ ያውም የመርዶ አዋቂ ሽማግሌ አስቀድመን፣ ይህን አንዳችንም አላሰብነውም።

“ልጄ፣ ስለ እናትሽ አይደለም የመጣን” አሉ አባ ተገኝ።

“አያታልሉኝ አባ። አውቀዋለሁ። እኔም ስንት ቤት እንዲህ ሄጃለሁ።”

“በኦሪት እምልልሻለሁ። ከእናትሽ ዘንድ ክፉ ወሬ አልመጣም።”

ልቅሶዋን አቋረጠች። ቀና ብላ በሩ ላይ የተኮለኮሉትን ልጆቿን አየች፤ ባሏን አየች። “ታዲያ ማን ነው?”

አባ ተገኝ ወደ እኔ ዞሩ። ስንቱን ሞት የተናገረ አንደበት እዚህ ላይ ቃል አጣ። ወለሉ ላይ ከጎኗ ተቀመጥሁ።

“አንቺ ነሽ ይታይሽ” አልኋት። “የታመምሽው አንቺ ነሽ። ያ እብጠት ነቀርሳ ነው። ቢያወጡልሽ ልትድኚ ትችያለሽ። ቀጠሮሽ ደርሷል።”

ዣክሊን አሁንም እጇን ይዛለች።

“እናቴ ግን ደህና ናት?”

“ክፉ አልሰማንም።”

“ተመስገን” አለች። ትንፋሿ ረጅም ነበር። “የኔውስ ሐኪም አለው።”

ከዚያ ወደ ባሏ ዞረች። “አንተ ሰሞኑን እህል አልበላ ያልኸው ይህን ተሸክመህ ነው?” አያ ፈረደ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ አለቀሰ። አጽናኝ ሆነን የመጣን፣ እሷ እሱን ስታጽናና ቆመን አየን።

ጥያቄዋ ብዙ ነበር። የትኛውን ያወጡታል? ጠጉሬ ይረግፋል? ዕቃ ማንሳት እችላለሁ? ዣክሊን ትመልሳለች፣ እኔ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። አባ ተገኝ የጡት ነገር ሲነሳ ወደ መስኮቱ ዞረው ሰማይ ይመለከታሉ። “አባ፣ ደመናው ምን ይላል?” አለች ይታይሽ፤ ያን ማለዳ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅን። የፋብሪካው አውቶቡስ ጥሎን ሄደ። አንዳችንም ሥራ አልገባንም።

ስንወርድ አባ ተገኝ ደረጃው ላይ ቆሙ። “ተሳሳትን” አሉ። “ያ ሥርዓት የሞተ ሰው ሥርዓት ነው። በሕይወት ላለ ሰው ሌላ ሥርዓት ያስፈልጋል።”

ይታይሽ በቀጠሮዋ ሄደች። ኦፕራሲዮኑ ደህና ሆነ፤ ከዚያ በኋላ የመጣው መድኃኒት ግን አደቀቃት። ተራ ገብተን አብረናት በአውቶቡስ ተመላለስን። እሷን ስንጠብቅ ሆስፒታሉ መተላለፊያ ላይ የኛ ሰዎች ግራ ተጋብተው ተቀምጠው እናያለን። አንዱ ከሰውነቱ ምን እንደሚቆርጡ አያውቅም፤ ሌላው የተሰጠውን ኪኒን ለጎረቤቱ አካፍሎ መጥቷል። እናስረዳቸው ጀመር። ከዚያ ሰው በስማችን እየጠራ ይፈልገን ጀመር።

ዓሙታ ያቋቋምነው እንዲህ ነው። ዓሙታ እዚህ ለትርፍ ያልቆመ ማኅበር ማለት ነው። ዣክሊን አንድ ጡረታ የወጡ ሐኪም አመጣች። ቦታችን ከፎቃችን ሥር ያለው፣ ለጦርነት ቀን የተሠራው የመጠለያ ክፍል ሆነ፤ የብረት በሩን ስንከፍተው ሠፈሩ በሙሉ ይሰማል። የበሽተኛን ወረቀት እናነባለን፤ ሐኪሙ ያለውን እንተረጉማለን፤ ምን እንደሚጠይቅ እናስጠናዋለን፤ አብረነውም እንሄዳለን። ሁሉም በነፃ። ልናስመዘግብ ስንሄድ ጸሐፊዋ ዓላማችንን ጠየቀች። እኔ ያጠናሁትን ረጅም ንግግር ልጀምር ስል አባ ተገኝ ቀደሙኝ፤ “ሰው የራሱን ወሬ ራሱ እንዲሰማ፣ ግን ብቻውን እንዳይሰማ በያት” አሉኝ። እሱኑ ነገርኋት።

አንድ ደንብ ደግሞ ሳይጻፍ ጸና። በማለዳ ወደ ሰው ቤት አንሄድም። ከቀትር በኋላ፣ ሰው ምሳውን ከበላ በኋላ ነው የምንሄደው።

ከዓመታት በኋላ የቋራ ሰዎች መጡ፤ እማማ ትርንጎም መጡ። ይታይሽ ያን ቀን ስታቅፋቸው፣ አሮጊቷ እጃቸውን ደረቷ ላይ አሳርፈው ቆዩ። እናት አይደሉ? “ምን ሆነሽ ነው ልጄ?” አሉ። ዘመድ ሁሉ “ምንም አልሆነች፣ ደህና ናት” ብሎ ሊከልል ተነሳ።

ይታይሽ በሰው ትከሻ ላይ አሻግራ ፈለገችኝና፣ “ነገ ነይ፤ አብረን እንነግራታለን” አለችኝ። “ግን መጀመሪያ ምሳዋን ትብላ።”

ከዚያ ወዲህ ብዙ ደረጃ ወጥቻለሁ። ዛሬም በር ላይ ስደርስ ነጠላዬን አስተካክዬ ቆም እላለሁ። አልለመድሁትም፤ እንድለምደውም አልፈልግም። ብቻ ቀና ብዬ ፀሐይዋን አያለሁ። ወደ ምዕራብ ዘንበል ካለች፣ አንኳኳለሁ።