ከፍታ የሚፈራው ጉሬዛ

ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ ሦስተኛ ክፍል። እኔ እሷ በምትማርበት የጅማ ትምህርት ቤት የአማርኛ አስተማሪ ነበርኩ። ጠዋት ጠዋት ሕፃናትን አስተምራለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በመሠረተ ትምህርት ጣቢያ የቡና ለቃሚ እናቶችንና ፀጉራቸው የሸበተ አባቶችን ፊደል አስቆጥራለሁ። ስልሳ ዓመት ያለፋቸው ሰዎች በጥቂት ወራት ስማቸውን ጽፈው ሲያሳዩኝ፣ የገዛ ልጄ ግን መጽሐፍ ባቀረብኩላት ቁጥር ሆዷን ያማታል።

ፊደሉን ታውቀዋለች። አንብቢ ስትባል ግን ቃሉን ጥርስ ነቃይ ፊት እንደተቀመጠ ሰው አንድ በአንድ ነው የምትተፋው። ሸንኮራ አገዳ ገዝቼ አባበልኳት፤ አልሆነም። ቆነጠጥኳት፤ አልሆነም። አባቷ ከጅማ አዲስ አበባ ቡና የሚያመላልስ ሾፌር ስለነበር ሳምንቱን ሙሉ መንገድ ላይ ነው። ሲመጣም «ተያት፣ እኔስ መቼ አነበብኩ?» ይልና ትከሻው ላይ ያወጣታል። አወቱ መንደራ ሰፈር ያሉ ጎረቤቶቼ ልጆቻቸውን ለጥናት ወደ እኔ ሲልኩ፣ የእኔዋ በጓሮ በር ሾልካ ትጠፋለች። በልቤ አፍር ነበር፤ ለማንም አልተናገርኩም።

ትምህርት ቤቱ ውስጥ ማባዣ ክፍል የምትሠራ አንዲት ወጣት ሴት ነበረች። የጅማው መርካቶ ልጅ ናት፤ አባቷ እዚያው የጨርቅ ሱቅ ነበራቸው። ከስምንተኛ ክፍል ነው ያቋረጠችው። ሻሿን ጠበቅ አድርጋ ታስራለች፤ ጣቶቿ ሁልጊዜ የማባዣ ቀለም አለባቸው። ሥራዋ የእኛን ፈተና ስቴንስል በሚባል ሰም በተቀባ ወረቀት ላይ መተየብ፣ ከዚያም የማሽኑን እጀታ እያዞረች ማባዛት ነበር። ልጆቹ «አዳዳ» ይሏታል፤ በኦሮምኛ የአባት እህት ማለት ነው።

ነገሩ የተጀመረው በተበላሸ ስቴንስል ነው። ስትተይብ ግማሽ ላይ ተሳሳተች፤ ከመጣል ብላ በባዶው ቦታ ላይ በመጫሪያው አንድ ጉሬዛ ሣለች። ጉሬዛው ዛፍ ሥር ቆሞ ወደ ላይ እያየ ላብ ይንጠባጠብበታል። ከሥሩ «ጉሬዛ ሆኜ ተወልጄ ዛፍ ላይ መውጣት እፈራለሁ። ምን ይሻለኛል?» ብላ ጻፈች። በተበላሹ የፈተና ወረቀቶች ጀርባ ላይ ጥቂት አባዛችና በረንዳ ላይ ለሚጫወቱ ልጆች ሰጠቻቸው። በሳምንቱ ልጆቹ ተሰልፈው መጡ። ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ አንድ ገጽ ይወጣ ጀመር፤ በአንድ በኩል የጉሬዛው ጀብዱ፣ በሌላው በኩል የስድስተኛ ክፍል የእርሻ ፈተና።

እኔ መጀመሪያ ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቤት ስገባ ከበሩ ጀርባ የልጄን ሳቅ ሰማሁ። ከሰው ጋር የምትጫወት መስሎኝ ገባሁ። ብቻዋን ናት። እግሯን ዘርግታ ወረቀት ይዛ ታነባለች፤ ጣቷን ከመስመር መስመር እያስኬደች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች፣ እየሳቀች። ስታየኝ ወረቀቱን ከቀሚሷ ሥር ወሸቀችው።

«ምንድን ነው?»

«ምንም።»

«እስቲ አንብቢልኝ።»

«አይ እማዬ፣ አንቺ ስሕተት ትፈልጊያለሽ።»

እናት ልጇ ስታነብ አይታ ደስ ሊላት ይገባ ነበር። እኔ እርር ድብን አልኩ። ሁለት ዓመት ለፍቼ ያላገኘሁትን ሳቅ ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠች ሴት በአንድ ጅራታም እንስሳ ወሰደችብኝ። ልጄ ከዚያ ቀን በኋላ ትምህርት ሲያልቅ እኔን መጠበቅ ተወች፤ ማባዣ ክፍል ሄዳ ወረቀት ታስተካክላለች። ማታ ማዕድ ላይ «አዳዳ እንዲህ አለች፣ አዳዳ እንዲያ አለች» ነው ወሬዋ። አባቷ እህት የለውም፤ ያ ስም በሰማሁት ቁጥር ቤቴ ውስጥ አዲስ ዘመድ የገባብኝ ይመስለኝ ነበር።

እኔስ ምን ያንሰኛል ብዬ ተነሣሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስለ አንዲት ታታሪ ንብና ስለ አንድ ሰነፍ ዝንብ ተረት ጻፍኩ። የሥዕል መምህሩን ለምኜ አሣልኩት፤ ንቧ ድንች መሰለች። ክፍል ውስጥ ድምፄን አሳምሬ አነበብኩት። ስጨርስ ከኋላ አንዷ እጇን አወጣች። ደስ አለኝ።

«ቲቸር፣ ጉሬዛው ሰኮሩ ከተማ ደረሰ?»

ቤት ወስጄ ለልጄ ሰጠኋት። «ቆንጆ ነው እማዬ» አለችኝ፤ ለእንግዳ እንደሚባለው። በማግሥቱ ቆሎ ቋጥራበት አየሁ።

በዚያው ሰሞን ያቺ ሴት ራሷ ወደ እኔ መጣች። አዲሱን ገጽ በእርሳስ ጽፋ ይዛለች።

«እትዬ፣ አማርኛዬ ደካማ ነው፤ ቤት ኦሮምኛ ነው የምናወራው። ልጆቹን እንዳላሳስት ጥፋቱን ቢያዩልኝ?»

ቀይ እስክሪብቶዬን አወጣሁ። «ሀ»ን በ«ሐ»፣ «ሰ»ን በ«ሠ» እያልኩ ገጹን ደም አስመሰልኩትና ስለ ታሪኩ አንዲት ቃል ሳልናገር መለስኩላት። የምታፍርና የምትተወው መስሎኝ ነበር። «ቶሌ፣ እሺ፣ አላህ ይስጥልኝ» ብላ ሄደች። ሐሙስ ዕለት የወጣው ገጽ አንድም ስሕተት አልነበረበትም። ያኔ የባሰ ተናደድኩ፤ የቀረችኝን መውቀሻ በገዛ እጄ አረምኩላት።

ከዚያ የመምህራን ስብሰባ ሆነ። ወረቀትና ቀለም እንደጠፋ፣ የሚቀጥለው ፈተና ሰሌዳ ላይ ሊጻፍ እንደሚችል ስብሰባውን የሚመሩት ርዕሰ መምህሩ ሲናገሩ እጄን አወጣሁ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ወረቀት የለም እንላለን፤ የመንግሥት ስቴንስልና ቀለም ግን በየሳምንቱ ለጉሬዛ ይውላል።»

ጥቂቶች ሳቁ። እዚያ ላይ ቢቆም ኖሮ የምፈልገው ይኸው ነበር፤ ወረቀቱ ይከለከልና ልጄ ትመለስልኛለች። ነገር ግን የፖለቲካ ውይይት ክበቡ ኃላፊ የመጨረሻውን ገጽ ከኪሱ አወጣ። በዚያ ገጽ ላይ ጉሬዛው ሰኮሩ ደርሷል። ነፋስ የአንድን ባለሥልጣን ቆብ ነጥቆ ጉሬዛው ራስ ላይ ያሳርፈዋል፤ የከተማው ሰው ሁሉ ብድግ ብሎ እጅ ይነሣዋል፤ ጉሬዛው ደግሞ ዛፍ ውጣ የሚሉት መስሎት ይሮጣል።

«ይህ ቆብ ያደረገ ጦጣ ማንን ነው የሚወክለው?» አለ።

«ጉሬዛ ነው» አለ አንድ መምህር ከኋላ።

ማንም አልሳቀም። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ጥያቄ ስንት ቤት እንዳዘጋ እዚያ የተቀመጥን ሁሉ እናውቃለን። እኔ የፈለግሁት ወረቀት እንዲነፈጋት እንጂ ይህን አልነበረም። ግን አፌን አልከፈትኩም።

ርዕሰ መምህሩ ፈሩ መሰለኝ፣ ቶሎ ውሳኔ ሰጡ። ወረቀቶቹ በሙሉ ከልጆቹ ይሰብሰቡ፤ የአማርኛ መምህርቷ መርምራ እስከ ሰኞ በጽሑፍ ሪፖርት ታቅርብ። የአማርኛ መምህርቷ እኔ ነኝ። በማግሥቱ ከየክፍሉ እየዞርን ሰበሰብን። ልጆቹ ከደብተራቸው መካከል፣ ከካልሲያቸው ውስጥ ሳይቀር እያወጡ ሰጡን። ልጄ የራሷን በመጨረሻ ሰጠች፤ ጠርዛቸውን በመርፌና ክር ሰፍታቸው ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወረቀቶቹን ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ ተቀመጥኩ። ለማረም ሳይሆን ለማንበብ ስይዛቸው ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ጉሬዛው ዘመዶቹ ለምን መሬት ላይ እንደሚኖር ሲጠይቁት «ጉንዳን እያጠናሁ ነው» ይላል። ዛፍ የሌለበት አገር ልፈልግ ብሎ ቡና በጫነ መኪና ላይ ተደብቆ ይሄዳል። ግልገል ጊቤ ድልድይ ላይ በገዛ ጅራቱ ዓይኑን ሸፍኖ ለአንዲት አህያ «ተኝቻለሁ፣ አታናግሪኝ» ይላታል። አቧራው ሲያስነጥሰው ሾፌሩ መኪናውን አቁሞ ጆንያዎቹን አንድ በአንድ «ይማርህ፣ ይማርህ» እያለ ያልፋል። እዚያ ላይ ስደርስ ሳቄ አመለጠኝ። አፌን በእጄ ይዤ ብሞክርም አልሆነም፤ እንባዬ እስኪፈስ ሳቅሁ።

ልጄ ከጓሮ ሮጣ መጣች። «እማዬ፣ ምን ሆንሽ?»

ጣቴን ጆንያዎቹ ላይ አደረግሁ። ፊቷ በራ። ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ ታነብልኝ ጀመር፤ ሾፌሩን በአባቷ ድምፅ፣ አህያዋን በአፍንጫዋ። ነጠላ ሰረዝ ላይ ታርፋለች፤ አራት ነጥብ ላይ ትቆማለች። ያስተማርኳት ሁሉ ውስጧ ነበረ። እየሳቅሁ እያለሁ እንኳ ያ የክፋት ነገር አልለቀቀኝም፤ ይህን ታሪክ ምነው እኔ በጻፍኩት ብዬ እቀና ነበር።

ሪፖርቱን እሑድ ጻፍኩ። ታሪኩ የልጆች ቀልድ መሆኑን፣ ከጅማ እስከ ሰኮሩ ያለውን መንገድ እንደሚያስተምር፣ ማንበብ እምቢ ያሉ ተማሪዎች በእሱ ምክንያት ማንበብ እንደጀመሩ፣ ከእነርሱም አንዷ የእኔ ልጅ መሆኗን ጻፍኩና ፈረምኩ። ርዕሰ መምህሩ አንብበው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። የማባዣ ክፍሏ ሴት ከሥራዋ አልተነሣችም፤ ካልተፈቀደ በቀር አንዲት መስመር እንዳትሥል ግን አስጠነቀቋት። ወረቀቶቹም አልተመለሱም።

ማባዣ ክፍል ሄድኩ። እጀታውን እያዞረች ነበር።

«በስብሰባው ላይ ነገሩን ያነሣሁት እኔ ነኝ» አልኳት።

«አውቃለሁ። ግድግዳው ጣውላ ነው እኮ፣ ሁሉን እሰማለሁ።» ማሽኑን አቆመች። «ለምን እንደሆነ ነው ያላወቅሁት። በምን አስቀይሜዎት ይሆን እያልኩ ሳስብ ሰነበትኩ።»

«አላስቀየምሽኝም። ልጄ ባንቺ ሳቀች፣ ባንቺ አነበበች። ቀናሁ።»

ቀለም የነካ ጣቶቿን በቀሚሷ ጠረገች።

«ለዚህ ብቻ? ወላሂ እኔ ሌላ ነገር መስሎኝ... እናቴ እኮ ሊወስዱኝ ይመጣሉ ብላ ልብሴን በጨርቅ ጠቅልላ በር ሥር አስቀምጣ ነበር።»

ይቅርታ አድርጊልኝ አልኳት። «አላህ ይቅር ይበለን» አለችና ወደ እጀታዋ ተመለሰች። ይቅር ብላኝ እንደሆነ ያን ቀን አላወቅሁም፤ ዛሬም አላውቅም።

በሚቀጥለው ዓመት ለመሠረተ ትምህርት ጣቢያው ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ሥዕል እንድትሠራልኝ ከርዕሰ መምህሩ ፈቃድ አገኘሁ። እሷን የምክስ መስሎኝ ነበር። እጅ መታጠብን፣ ቀይ ቡና መልቀምን፣ ውኃ ማፍላትን ሠራችልኝ። ሥዕሎቹ ንጹሕና ትክክለኛ ነበሩ፤ ሰዎቹ ሁሉ ቀጥ ብለው ቆመዋል። እያንዳንዱን ወደ መስኮት እየወሰድኩ ጥግ ጥጉን ፈለግሁ፤ ከቅጠል ጀርባ ጅራት ቢታይ፣ አንድ ጆንያ ቢያስነጥስ ብዬ። ምንም አልነበረም።

ልጄ ማንበቧን አላቆመችም። ያገኘችውን ሁሉ ታነባለች፤ የስኳር መጠቅለያ ጋዜጣ ሳይቀር። አባቷ ከመንገድ ሲመጣ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ታነብለታለች። እኔ ወጥ እያማሰልኩ ከውስጥ እሰማታለሁ። ከአዳዳዋ ጋር ግን ከዚያ በኋላም ቅዳሜ ቅዳሜ መርካቶ ቤቷ እየሄደች ትጫወት ነበር። አልከለከልኳትም። ስትሄድ ፀጉሯን አበጥሬ፣ ቀሚሷን አስተካክዬ እሸኛታለሁ፤ እስክትመለስም ሥራ አልይዝም።