በር ላይ የሚቋረጠው ወሬ

የኔትወርክ ባለሙያውን የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች «ዘበኛው» ይሉታል። ዱላም ፊሽካም የለውም፤ የሚጠብቀው የኢንተርኔቱን በር ነው። የሚገባውንና የሚወጣውን እየፈተሸ ያሳልፋል፣ መፈተሽ ያቃተውን ይመልሳል። ኩዊክ የሚባለው አዲሱ የግንኙነት ዘዴ ሲመጣም፣ ፈጣን ነው ቢሉት፣ ተሸፋፍኖ የሚጓዝ ነገር አልጣመውም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብሎ በሩን ዘጋበት። ማንም አልተከራከረውም፤ ኢንተርኔቱ በአሮጌው ዘዴ እያዘገመም ቢሆን ይሠራ ነበር።

እናቱ መስማት አትችልም። ወሬያቸው በእጅ ስለሆነ ሁልጊዜ ምሳ ሰዓት ላይ በቪዲዮ ትደውልለታለች። እሱም ስልኩን ይዞ፣ ባልደረቦቹ ቆመው የሚያወሩበትን ኮሪደር አልፎ ወደ ግቢው ይወጣል። በሩ ላይ ሲደርስ ግን የእናቱ እጅ አየር ላይ ደርቆ ይቀራል፤ መስመሩ ይቋረጣል። ስልክሽ አርጅቶ ነው ብሎ አዲስ ገዛላት። ያው ሆነ።

አንድ እሑድ ሊጠይቃት ሲሄድ ፊት ነሳችው። ምን ሆነሽ ነው እያለ ሲጨቀጭቃት በመጨረሻ እጆቿን አነሳች።

«ሰው ሲያይህ ትዘጋብኛለህ። በእኔ ታፍራለህ።»

ማለላት፣ ተገዘተላት፤ አላመነችውም።

ሰኞ ሲመረምር ጥፋቱን ከገዛ በሩ ላይ አገኘው። አሮጌው ዘዴ ሰውን የሚያውቀው በአድራሻው ነው። ስልኩ ከቢሮው ዋይፋይ ወደ ሞባይል ዳታ ሲሻገር አድራሻው ስለሚለወጥ፣ አላውቅህም ብሎ ይዘጋበታል። አዲሱ ኩዊክ ግን ለግንኙነቱ ለራሱ መለያ ይሰጠዋል፤ ሰውዬው ሠፈር ቢቀይርም ወሬው ካለበት ይቀጥላል። ዘበኛው አለቃውን አስፈቅዶ በሩን ከፈተለት።

ምሳ ሰዓት ላይ ደወለች። ኮሪደሩን አለፈ፣ በሩን ተሻገረ፤ የእናቱ እጆች አልቆሙም። ግቢው መሐል ቆሞ እንደ ልጅ ሳቀ። ነገሩን በአንድ እጁ እንደምንም አስረዳት፤ የመስመሩ ጣጣ እንጂ የኔ አልነበረም አላት።

እናቱ ከጀርባው ያለውን ባዶ ግቢ ትንሽ አየችው።

«እሺ፣ መስመሩ ነው። ግን ለምን ትወጣለህ?»

እዚህ ጸጥ ይላል ሊላት እጁን አነሳና መልሶ አወረደው። ለእነሱ ወሬ ጸጥታ ምን ይሠራል?

ፊቱን አዙሮ ወደ ቢሮው ተመለሰ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስደግፎ በሁለት እጁ ሰላም አላት። ባልደረቦቹ አንድ በአንድ ቀና ብለው አዩት።

«እናቴ ናት» አላቸው።